«አለሁ» ሲል ደህና ነው ማለት ነው? ኮምፒውተር ከአማርኛ ጽሑፍ ጭንቅን ማንበብ ይችላል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ባለፈው ሳምንት ነው። መልሱ በዝቶ መጀመሪያው የጠፋባችሁ ስላላችሁ፣ ጥያቄዬን ደግሜ ጽፌ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ስምም አላነሳሁም። ወሬው ራስን ስለ ማጥፋት ነው። ዛሬ ሆዱ የባባ ሰው ካለ ይህን ማንበቡን ይተወውና ለሚያምነው ሰው ይደውል።

ጥያቄው ይህ ነበር።

ሥራዬ የአማርኛ ጽሑፍ ለኮምፒውተር ማሰልጠኛ ማዘጋጀት ነው። ዓረፍተ ነገር ይመጣልኛል፣ ደስታ ነው፣ ሐዘን ነው፣ ቁጣ ነው እያልኩ ምልክት አደርግበታለሁ። በቅርቡ ደግሞ ከሰው ጽሑፍ ላይ ራስን የማጥፋት አደጋን ስለሚለዩ ፕሮግራሞች ማንበብ ጀመርኩ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤድዊን ሽናይድማን እና ኖርማን ፋርበሮው የሚባሉ የሎስ አንጀለስ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ገና በ1957 ነው የጀመሩት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ራሳቸውን ያጠፉ 33 ሰዎች ትተውት የሄዱትን ደብዳቤ፣ ሌሎች 33 ሰዎች አስመስለው እንዲጽፉ ተጠይቀው ከጻፉት ጋር አስተያዩት። በ2010 ደግሞ ሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጆን ፔስቲያን ከባልደረቦቹ ጋር እነዚያኑ 66 ደብዳቤዎች ለኮምፒውተር ሰጣቸው። ኮምፒውተሩ እውነተኛውን ካስመሳዩ በመለየት 78 ከመቶ አገኘ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎቹ ያገኙት 63 ከመቶ ነበር።

ይህን ሳነብ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት እሱ ባህር ዳር ይማራል፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በቴሌግራም ነው የምንገናኘው። «እንዴት ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ እታለም፣ አንቺስ?» ይለኝ ነበር። ጥቅምት ላይ «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ኅዳር ላይ «አለሁ»። አንዳንዴ ከስሙ ሥር «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። ከዚያ ያቺው «አለሁ» ትመጣለች። ፈተና ነው ብዬ አለፍኩት። ታኅሣሥ ላይ የዶርም ጓደኛው ደወለልኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶብስ ሄድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ደረስንለት። ዛሬ ይታከማል፣ ሥራም ይዟል። ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው።

በኋላ የሦስቱን ወር መልእክት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሞት የሚል ቃል የለም። ከፋኝ የለም። «ተመስገን» ግን ሰባት ቦታ አለ። ቃል የሚቆጥር ፕሮግራም ቢያየው ደስተኛ ልጅ ነው ይል ነበር። በዚያው ሰሞን እናታችን ለእኔ የጻፈችልኝን ደግሞ አየሁት። «በሞቴ ምሳሽን ብዪ»፣ «እኔ ልሙትልሽ»፣ «አፈር ልሁንልሽ»። ፕሮግራሙ የሚጠረጥረው እናቴን ነው! በእኛ ቋንቋ ሞት የፍቅር ቃል ነው፣ መሐላም ነው። ታዲያ በእንግሊዝኛ የተሠራው ነገር ለአማርኛ ይሠራል ወይ? አልኩ። እኔ አይሠራም ባይ ነበርኩ።

መልስ 1። ፕሮግራም ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው የጻፈው፣ በጣም በትሕትና። ቃል ቆጠራው እኔ እንዳሰብኩት የሐዘን ቃል ፍለጋ ብቻ አለመሆኑን አስረዳኝ። ጄምስ ፔነቤከር የሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰው አለ፣ ቃላትን በየዓይነታቸው የሚቆጥር ፕሮግራም የሠራ። በ2001 ከሻነን ስተርማን ጋር ሆኖ፣ ራሳቸውን ያጠፉ ዘጠኝ ገጣሚዎችንና ሌሎች ዘጠኝ ገጣሚዎችን ወስዶ ወደ 300 የሚጠጋ ግጥም አስቆጠረ። የሐዘንና የምሬት ቃል ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ የታየው «እኔ» ላይ ነው። ራሳቸውን ያጠፉት «እኔ» ያበዛሉ። ስለዚህ አማርኛም ላይ «እኔ»ን እንቁጠር አለ።

መልስ 2። አማርኛ ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። ሐሳቡን አመስግነው፣ በአማርኛ ግን «እኔ» አይቆጠርም አሉ፣ አይነገርማ! «ሄድኩ»፣ «በላሁ»፣ «እመጣለሁ» ሲባል «እኔ» ያለው ግሱ ሆድ ውስጥ ነው። ለብቻው የሚወጣው ከሌላ ሰው ለመለየት ወይም ለማጉላት ነው። ከዚያ ቀጥለው የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ስሜታችንን ስንናገር የድርጊቱ ባለቤት እኛ አይደለንም። ደከመኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ሰለቸኝ፣ ጠበበኝ። አንድ ስም የሌለው ነገር ነው እኛ ላይ የሚያደርገው። ተቀባዮች ነን። ስለዚህ «ኝ» ትቆጠር አሉ።

መልስ 3። አንድ ተማሪ ወዲያው ሞከረው። የራሱን የአንድ ወር መልእክት አውጥቶ «ኝ»ን ቆጠረ። ብዙዎቹ «ደውልልኝ»፣ «ላክልኝ»፣ «ጠብቀኝ» ሆነው ተገኙ።

መልስ 4። መምህሩ ተመልሰው መጡ። ልጁ ትክክል ነው፣ ሁለቱ «ኝ» አንድ አይደሉም አሉ። «ደውልልኝ» የሚል ሰው ሌላ ሰው እየጠራ ነው። «ሰለቸኝ» ላይ ማንም አልተጠራም። አንዱ እየበዛ ሌላው ሲያንስ ማየት ነው ብለው ሐሳባቸውን አረሙ። እኔ እንደ መምህሩ ስሕተቱን ባደባባይ የሚያርም ሰው በጣም አከብራለሁ።

መልስ 5። ሌላ ሰው በ2018 ሞሐመድ አል-ሞሳይዊ እና ቶም ጆንስቶን የሠሩትን ጥናት አመጣ። 63 የኢንተርኔት መድረኮች ላይ ከ6,400 በላይ ሰዎች የጻፉትን አይተው «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም»፣ «ሙሉ በሙሉ» ዓይነት ቃል ፈለጉ፣ መካከለኛ ቦታ የማይተወውን ቃል ማለት ነው። ራስን ስለ ማጥፋት በሚወራባቸው መድረኮች ላይ እንዲህ ያለው ቃል ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት መድረኮች በ80 ከመቶ ገደማ ይበልጣል።

መልስ 6። ዋሽንግተን የምትኖር እህት ናት። ሐሳቡን ወደደችው፣ ግን እኛ «ምንም አይደል» የምንለው ለትሕትና ነው፣ «መቼም» የምንለውም ወሬ ለማስቀጠል ነው አለች። እነዚህን ቃላት ቆጥሮ ጨለማ አለ የሚል ማሽን ቡና የጠጣንበትን ቤት ሁሉ ያንኳኳል።

መልስ 7 እስከ 11 ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ ሀ እና ሐ ሳይለዩ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው ቋንቋውን ያበላሹት አለ። ሌላው በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉትን ወረደባቸው። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። ለማለፍ አስቤ ነበር፣ ግን መልስ 11 አንድ ቁም ነገር ነበረው። አንድ ቃል በአራት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ ከቻለ ለኮምፒውተሩ አራት ቃል ነው። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ስንት እንደሚሆን እሱ ይወቀው። የወንድሜ መልእክት ግማሹ በላቲን ፊደል ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የጨነቀው ሰው ኪቦርድ አይቀይርም።

መልስ 12። እዚህ ጋ ነው የክሩ መንፈስ የተቀየረው። የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። እኔን ነው የተናገረችኝ፣ በቀጥታ። ሞት በቋንቋችን የፍቅር ቃል ነው ማለቴ አደገኛ ነው አለች። «እግዜር ይውሰደኝ»፣ «ሞት ረሳኝ» የሚሉ እናቶች ክፍሏ ድረስ ስንት ዓመት ዘግይተው እንደሚመጡ ጻፈች። ቤተሰቡ ልማድ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ትላለች እያለ ያሳልፈዋል። አንዳንዷ እናት ግን የምሯን ነበር። ልማድ ስለሆነ አይሰማም አለች፣ ስለማይሰማም እውነቱን ለመደበቅ ይመቻል።

መልስ 13 አጭር ነው። አባቱ «በቃኝ» ይሉ ነበር። ምግብ ሲቀርብላቸው በቃኝ፣ ዜና ሲሰሙ በቃኝ። ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። ከዚህ በላይ አልጻፈም። ማንም አልጠየቀውም።

መልስ 14 የእኔ ነው። ነርሷን ይቅርታ ጠየቅኩ። የእናቴን «ልሙትልሽ» ከ«ሞት ረሳኝ» ጋር አንድ ላይ ማሰሬ ስሕተት ነበር። አንዱ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነው፣ ሌላው ስለ ራስ የሚነገር ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይለየዋል። እኔ ነበርኩ ልለየው ያልፈለግኩት። ያን ቀን ማታ ለእናቴ ደውዬ ረጅም ሰዓት አወራን።

መልስ 15። የስታቲስቲክስ ሰው ነው፣ ሒሳብ ይዞ መጣ። 100,000 ሰው እናስብ፣ ከእነሱ 100ው እውነት አደጋ ላይ ናቸው። ጎበዝ ፕሮግራም አለን፣ 90ውን ይይዝልናል። ከቀሩት ሰዎች ግን አምስት ከመቶውን በስሕተት ይጠረጥራል። ይህ ወደ 5,000 ሰው ነው። ስለዚህ ከተጠረጠሩት 100 ሰዎች ውስጥ እውነቱ ሁለት እንኳ አይሞላም። እነ ጆሴፍ ፍራንክሊን በ2017 የ50 ዓመት ምርምር፣ 365 ጥናት፣ አንድ ላይ ሰብስበው አይተውታል፤ ራስን ማጥፋትን አስቀድሞ የመገመት አቅማችን ከዕድል የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ ይቅር አለ።

መልስ 16። እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ «እርስዎ» እየተባባለ ነበር የመጣው። ይኸኛው አንቱታውን ጣለው። አንተ፣ ቁጥር ታወራለህ አለ። በዓለም ላይ በዓመት ከ720,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል፣ አንተ ስለ ስሕተት ማስጠንቀቂያ ትጨነቃለህ? ተጨማሪ 5,000 ሰው «ምን ሆንክ?» ቢባል ምን ይጎዳል? ወንድሙን ያጣ ሰው ነው የሚመስለው። አነጋገሩ ይከብዳል፣ ጥያቄው ግን ልክ ነው። የሚጎዳ እና የማይጎዳ መኖሩ የታየው ከዚህ በኋላ በመጡት መልሶች ነው።

መልስ 17 ከለንደን ነው። በጥቅምት 2014 ሳማሪታንስ የተባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ራዳር የሚል ነገር ለትዊተር አወጣ። አንተ ትመዘገባለህ፣ የምትከተላቸው ሰዎች የጭንቀት ሐረግ ሲጽፉ ኢሜይል ይደርስሃል። የጻፈው ሰው ግን እየታየ መሆኑን አያውቅም። ሐሳቡ የቅን ሰው ሐሳብ ነው። ግን ያ ኢሜይል ለወዳጅ ብቻ አይደርስም፣ ለሚያሳድድህ ሰውም ይደርሳል፤ የደከምክበትን ሰዓት ነግሮ ይሰጠዋል። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ።

መልስ 18። ፌስቡክም ከ2017 ጀምሮ ከሰው ጽሑፍ ላይ ይህን አደጋ በማሽን መለየት እንደጀመረ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን ግን እንደተዋቸው አስታወሰን። ከዚህ ውስጥ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ማሽኑ የሚያየው ባለቤቱ የጻፈውን ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ወዳጆቹ የጻፉትንም ነው። በእኛ «ምን ሆነሃል?»፣ «ኢንቦክስ ና እስቲ» የሚሉት መሆናቸው ነው። ወዳጅ ቀድሞ ይሰማዋል ማለት ነው፣ ማሽኑም ከወዳጅ ነው የሚማረው።

መልስ 19። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት፣ በድምፅ አስጽፋ ነው የላከችው። ለመልስ 16 ነው የመለሰችው፣ ሳትቆጣ። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለማነው? ብላ ጠየቀች። ስልኬን አሠሪዬ ይከፍተዋል። ወረቀቴ እሱ እጅ ነው። ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል የሆነበት አገር አለ። በሬን ፖሊስ ቢያንኳኳ እኔ አልተረዳሁም፣ ታሰርኩ እንጂ። እሷ ያለችበት ቤት የሚኖሩ ልጆች በቴሌግራም ቡድን ተሰብስበዋል። አንዷ ለሁለት ቀን ድምፅ ካላሰማች ሌላዋ ትደውላለች። ኮምፒውተር የለበትም። ለእኔ ከዚህ ክር ሁሉ ትልቁ መልስ ይህ ነው። መልስ 16ም ተመልሶ መጥቶ እህቴ ይቅርታ አላት።

መልስ 20። አሜሪካ ውስጥ በጽሑፍ መልእክት የሚረዳውን ክራይሲስ ቴክስት ላይን አነሳ። እነሱ ጋ ከሚላኩት መልእክቶች መካከል፣ ራስን ማጥፋት የሚለው ቃል ካለበት ይልቅ የአንድ ተራ የቤት መድኃኒት ስም ያለበት በብዙ እጥፍ የበለጠ አስቸኳይ እርዳታ ይፈልግ እንደነበር አገኙ። ሰው አያገኘውም ነበር፣ ማሽኑ ነው ያሳየው። እዚያው ላይ ግን በ2022 መጀመሪያ፣ ድርጅቱ የተጨነቁ ሰዎችን ጽሑፍ ስማቸውን አጥፍቶ ሎሪስ ለሚባል የደንበኛ አገልግሎት ሶፍትዌር ኩባንያ እንደሚያካፍል ተጋለጠ። ወቀሳው ሲበዛ አቆሙት። ሁለቱንም አብረን እንያዝ አለ።

መልስ 21 ኃጢአት ነው ብሎ ሰበከ፣ ረዘም አድርጎ። መልስ 22 ዲያቆን ነው፣ አልሰደበውም። ይልቅስ እንዲህ ሲል ጠየቀው፦ ይህን ያነበበ የተጨነቀ ሰው ነገ ምን ይጽፋል? «ተመስገን» ነው የሚጽፈው። በጾም መግቢያ ሁላችንም ይቅር በሉኝ እያልን እንላላካለን፣ እውነተኛው ስንብት ከዚያ መካከል ቢገባ ማን ይለየዋል? ፍርድ በበዛበት ቤት ቃል ይደበቃል አለ። ቃል ከተደበቀ ደግሞ የሚቆጠር የለም።

መልስ 23። ነርሷ ተመለሰች። ማሽን ኖረም አልኖረም መጠየቅን ተማሩ አለች። ድብርትን ለመለየት በየሕክምና ቤቱ የሚሞላው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ዘጠነኛው ላይ በግልጽ ሞትን ይጠይቃል። ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልም፣ ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በሉ፣ ዙሪያውን አትሂዱ። ዝም በሉና መልሱን ስሙ። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ሕክምና አብራችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል አለ። ሌላ ቦታ ከሆነ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል።

መልስ 24። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ነው፣ ፕሮግራም ጸሐፊው። ሁሉንም አንብቦ ሐሳቡን ቀየረ። ሰውን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደሩን እንተው፣ ከራሱ ጋር እናወዳድረው አለ። ሰውየው ፈቅዶ፣ ስልኩ ላይ ብቻ የሚቀር፣ ራሱ ለመረጠው አንድ ሰው ብቻ የሚናገር ነገር። የመልሱ ርዝመት፣ የሚጽፍበት ሰዓት፣ መልሶ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑ። ወንድምሽ «አንቺስ?» ማለቱን ያቆመበት ቀን ሊታወቅ ይችላል አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ምልክቱን አገኘነው ብዬ አመንኩ።

መልስ 25 መቼ እንጀምር የሚል ነው።

መልስ 26 ወንድሜ ነው። ሊጽፍ ነው ብዬ አልጠበቅኩም። ክሩን በሁለት ቀን አንብቦ ጨርሶታል። «አንቺስ?» ማለቱን ያቆመው እኔ እንዳሰብኩት ለኔ ግድ አጥቶ አልነበረም። ከጠየቀኝ «አንተ ምን ሆነሃል?» ብዬ እንዳልመለስበት ፈርቶ ነው። ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም አለ። ጽፎ ያጠፋው ነው። በዚያ ኅዳር ሁሉንም ነገር ጽፎልኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ አይደለም። አንብቦ ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይጽፋል። በመጨረሻ «አለሁ» ብሎ ይልካል።

እኔ ያን ጊዜ ስልኩን ይዤ «እየጻፈ ነው» የሚለውን እያየሁ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያነበብኩት የተላከውን ነው። አሁን ያቺ ምልክት ብቅ ብላ ከጠፋች እደውልለታለሁ። ትናንት ደወልኩ፣ የሻይ ቤት ሒሳብ እየደመረ ነበር።